ድመታችሁ ብሩሽ ስታይ ለምን ትሸሻለች?

«የኔ ድመት መበጠር አትወድም» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ያቺው ድመት ግን ጉንጯን በጣቴ ሳሻሽላት አንገቷን ዘርግታ ትጠጋኛለች። መነካካቱን አልጠላችም። የጠላችው የተበጠረችበትን መንገድ ነው። ድመት ማበጠር ሥራዬ ስለሆነ ተመሳሳይ ስህተቶችን ደጋግሜ አያለሁ።

ካልጨረስኩ አልለቅም ማለት። ሁሉንም የሚያበላሸው ይሄ ነው። ሰው ብሩሽ ይዞ ይቀመጥና ጀርባዋንም ሆዷንም ጅራቷንም ባንዴ ሊጨርስ ይነሳል። ድመቷ መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ትናገራለች። የጅራቷን ጫፍ ታወዛውዛለች። የጀርባዋ ቆዳ ይርገፈገፋል። ጆሮዎቿን ወደ ጎን ታጥፋለች። ዞር ብላ ብሩሹን ታያለች። ሰውየው «ትንሽ ነው የቀረው፣ ታገሺ» ይላል። ከዚያ ትነክሰዋለች። «በድንገት ነከሰችኝ!» ብሎ ይመጣል። ኧረ በድንገት አይደለም! ቀድማ ብዙ ጊዜ ነግራዋለች፣ የሰማት የለም እንጂ።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው። በፎጣ ይጠቀልሏታል፣ ማጅራቷን ይጨመድዳሉ፣ አንዱ ይይዛል ሌላው ያበጥራል። የዚያን ቀን ፀጉሩ ይበጠር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ብሩሹ የተቀመጠበት መሳቢያ ድምፅ ሲሰማ ድመቷ አልጋ ሥር ናት። ድመት አዳኝ ብትሆንም ትልልቅ አውሬዎች ሊያድኗት የሚችሉ ትንሽ እንስሳ ነች። ተይዛ መውጫ ስታጣ የሚሰማት የሞት ፍርሃት ነው። እባካችሁ፣ በጉልበት አትያዟት።

አንድ ደቂቃ ይበቃል። ያም ከበዛባት ሦስት ጊዜ ብሩሹን አስኪዱና የምትወዳትን ነገር አቅምሷት። ዋናው ነገር እሷ ሳትሰለች እናንተ ቀድማችሁ ማቆማችሁ ነው። ተነስታ ከሄደች አትከተሏት። መሄድ እንደምትችል ያወቀች ድመት ናት ረጋ ብላ የምትቀመጠው። በዚህ አካሄድ ሁለት ሳምንት ያልፍና ገና ግማሽ ጀርባ ላይ ትሆናላችሁ። ምንም አይደለም።

ከሆድ መጀመር። ሆድ ለድመት ከሁሉም በላይ የምትጠብቀው ቦታ ነው። ከጉንጭ፣ ከአገጭ ሥርና ከጆሮ ሥር ጀምሩ። እዚያ ጠረን የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት፤ የጠረጴዛ እግር ላይ የምትታከከውም በነሱ ነው። ብሩሹን ዝም ብላችሁ ብትይዙላት ራሷ መጥታ ጉንጯን ታሽበታለች። በፊት አስፈርተዋት ከሆነ ለጥቂት ቀናት ብሩሹን ምግቧ አጠገብ ብቻ አስቀምጡት፤ አትንኳት።

ማበጠሪያ አለመለየት። ለአጭር ፀጉር ለስላሳ የጎማ ብሩሽ ጥሩ ነው። ለረጅም ፀጉር ግን ብሩሽ ብቻውን ያታልላል፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ሥሩ ተጠላልፏል። ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ እስከ ሥሩ ቀስ ብሎ መግባት አለበት። ረጅም ፀጉር ላላት በየቀኑ፣ አጭር ለሆነላት በሳምንት አንዴ ይበቃል።

መቀስ። አስቀምጡት። በቃ። የድመት ቆዳ ስስና ልል ነው። ፀጉሩ ሲቋጠር ቆዳውን ስቦ ቋጠሮው ውስጥ ያስገባዋል። ከላይ ስታዩት ፀጉሩ የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ ቆዳው የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታወቅም። ድመቱን ከልቡ የሚወድ አንድ ወጣት ብብቷ ሥር ያለችውን ቋጠሮ ብቻ ልቁረጥላት ብሎ ቆዳዋን ከፈተው። ሐኪም ጋ ሄዳ ተሰፋች። ልጁ ሲያለቅስ ነበር። ትንሽ ቋጠሮ ከሆነ ፀጉሩን ከሥሩ በሁለት ጣት ያዙ፤ ስበቱ ቆዳዋ ጋ እንዳይደርስ። ከዚያ ከጫፉ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ፍቱት። ተጣብቆ እንደ ስጋጃ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ወይም ባለሙያ በማሽን ይላጭላት። ይለሰልስልኛል ብላችሁም አትጠቧት፤ ውሃ ቋጠሮን ያጠብቀዋል።

እግረ መንገዴን፣ ሆዷ ላይ በማበጠሪያ የሚነካ ትንሽ እብጠት ሁሉ ቋጠሮ አይደለም። ወንድ ድመትም ጡት ጫፎች አሉት። ሰው ሊነቅላቸው ሲታገል ስላየሁ ነው።

ያረጀችን ድመት ሰነፍ ማለት። ራሷን ስታጸዳ የኖረች ድመት ጀርባዋና ዳሌዋ ላይ ፀጉሯ መቋጠር ከጀመረ መገጣጠሚያዋን አሟት ሊሆን ይችላል። ጥርሷን የሚያማትም ራሷን መላስ ትተዋለች። በጣም የወፈረች ደግሞ አትደርስበትም። እነዚህን ከማበጠር በፊት ሐኪም ይያቸው።

አየሩ ሲደርቅ ብሩሹ ኤሌክትሪክ ይይዝና ይነዝራታል፤ እጃችሁን በትንሹ አርጥባችሁ ፀጉሯን ዳስሷት። ጠረኗን ለማሳመር ብላችሁ ሽታ ያለው የዕፅዋት ዘይት አትቀቧት፤ ስትልሰው የሚመርዛት አለ።

ማበጠሪያው ላይ የሚቀረውንም ፀጉር ሳታዩ አትጣሉት። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለው እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፉት። ዙሪያው ወደ ቀይ ቡናማ ከተቀየረ የቁንጫ ኩስ ነው። ያን ጊዜ ለድመት የተሠራ መድኃኒት ብቻ ተጠቀሙ። ፐርሜትሪን የሚባል ኬሚካል ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ድመትን ይገድላል።