ሱፕራው ከፋብሪካ ባለ ተርቦ ነው ወይስ በኋላ የተገጠመለት? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የተመረተው አራተኛው ትውልድ ቶዮታ ሱፕራ፣ በሻንሲ ስሙ ጄዜድኤ80 የሚባለው፣ በሁለት ዓይነት ሞተር ወጥቷል። በአሜሪካ ያለ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የተሸጠው 2ጄዜድ-ጂኢ 220፣ መንታ ተርቦ ያለው 2ጄዜድ-ጂቲኢ ደግሞ 320 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። የዋጋቸው ልዩነት ከጉልበታቸው ልዩነት እጅግ ስለሚበልጥ፣ በርካሹ ላይ ተርቦ ገጥሞ «ከፋብሪካ ነው» የሚል ሻጭ በቨርጂኒያ ባለው ጋራዣችን በኩል ሳያልፍ የቀረበት ዓመት የለም።

ምልክት፦ ኮፈኑ ሲከፈት ተርቦ ይታያል፣ ሻጩም ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን «2ጄዜድ» ፎቶ አንስቶ ይልካል።
ጽሑፉ በሁለቱም ሞተሮች ላይ ስላለ ምንም አያስረዳም። ብዙ እውነተኛ ባለ ተርቦ መኪኖች መንታው ወጥቶ አንድ ትልቅ ተርቦ ስለተተካላቸው፣ የተርቦው ቁጥርም ማስረጃ አይሆንም። ለጃፓን ገበያ በተሠራ መኪና ላይ የሞተር ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የብረት ሰሌዳ ያንብቡ፦ በሞዴል ኮዱ ከሰረዙ በኋላ ካሉት ፊደሎች የመጨረሻው ዜድ ከሆነ መኪናው ባለ ተርቦ፣ ኤፍ ከሆነ ያለ ተርቦ ተወልዷል። መካከል ላይ ያለው ኤፍ ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮን ብቻ ስለሚያመለክት ከመጨረሻው ጋር አይምታታባችሁ። በአሜሪካ ለተሸጠው ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩን ለቶዮታ መለዋወጫ ሻጭ ሰጥቶ ማስፈተሽ ይበቃል።

ምልክት፦ ከተርቦው ጋር ዲስትሪቢዩተር (ኤሌክትሪኩን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ክፍል) እና የካንዴላ ገመዶች አሉ።
ሞተሩ ጂኢ ነው፤ ጂቲኢው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክፍል) አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተሸጠው ጂኢም ዲስትሪቢዩተር ስለሌለው፣ የዲስትሪቢዩተር አለመኖር ብቻውን ጂቲኢነትን አያረጋግጥም።

ምልክት፦ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፣ ከሞተሩ ሥር ዘይት ይንጠባጠባል።
ደጋግሞ የሚመጣብን ይህ ነው፤ በተለይ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ቆይቶ ሲነሳ ይብሳል። ባለቤቱ ሁልጊዜ «ተርቦው ማኅተሙን ጨርሷል» ብሎ ይመጣል። አንድ ደንበኛችን በዚህ እምነት ሁለት አዳዲስ ተርቦዎች ገዝቶ አስገጥሟል፤ ጭሱ ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሷል። ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ) ስናይ ተርቦውን የገጠመው ሰው የዘይት መመለሻውን ቀዳዳ በኮፓው የዘይት ከፍታ በታች በስቶታል፤ ጎማ ቱቦውም መካከል ላይ ታጥፎ ነበር። ዘይት ከተርቦው የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ፣ መውጫው ዘይት ውስጥ ከተዘፈቀ ወይም መንገዱ ከታጠፈ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ማኅተሙ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን አልፎ ወደ ማርሚታው ይሄዳል። መፍትሄው ኮፓውን አውርዶ አሮጌውን ቀዳዳ በብየዳ መድፈን፣ አዲሱን ከዘይቱ ከፍታ በላይ መብሳት፣ ቱቦውንም ሰፊና ያለ ማጠፊያ ቁልቁል እንዲወርድ ማድረግ ነው።

ኮፓውን መኪናው ላይ እንዳለ መብሳት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። እንዲህ የተበሳ አንድ ሞተር ከአንድ ሳምንት በኋላ እየተንኳኳ ሲመጣልን፣ የብረት ብናኙ የዘይት ፓምፑን አልፎ ኩሽኔታዎቹን በልቷቸው አገኘን። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራን ለማሳጠር ሲባል ሙሉ ሞተር ተከፈለ። ለተከላው የተጠቀሙበት ርካሽ የማጣበቂያ ሲሊኮንም በሙቀት ተቆርሶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ የኮፓውን ጠርዝ ሁሉ በዚህ የቀባ ሰው ገና ሌላ ጥፋት እንደሠራ ገምቱ።

ምልክት፦ በሙቀት ቀን ጋዝ ሲረገጥ ሞተሩ ይመታል (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ይንኳኳል)።
የጂኢው የመጭመቂያ ጥምርታ 10 ለ 1፣ የጂቲኢው 8.5 ለ 1 ነው፤ ጂኢው ፒስቶኑን ከሥር በዘይት የሚያቀዘቅዙ አፍንጫዎችም የሉትም። ባለቤቱ የተርቦውን ግፊት ከጂቲኢው ጋር እኩል ካደረገ ፒስቶኑ ሊሰበር ይችላል። ግፊቱን ዝቅ ማድረግ፣ ጥሩ ቤንዚንና በትክክል የተስተካከለ ኮምፒውተር መጠቀም፣ ከዚያም ካስፈለገ ወፍራም የብረት የቴስታታ ጋስኬት መግጠም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሞከራል።

ምልክት፦ ሞተሩ እውነተኛ ጂቲኢ ነው፣ ሰሌዳው ግን ኤፍ ይላል።
ሞተሩ በሌላ አካል ላይ ተተክሏል። በአሜሪካ ያለ ተርቦ የተሸጠው ማንዋል ባለ አምስት ማርሹን ደብልዩ58 ካምቢዮ ይዞ ስለሆነ፣ ይህ ካምቢዮ ሳይቀየር የተርቦን ኃይል ረጅም ጊዜ አይችልም። በጃፓን ኤስዜድ-አር የሚባለው ያለ ተርቦም ባለ ስድስት ማርሽ ነበረውና፣ ስድስት ማርሽ አይቶ መደምደም አይገባም። ዋጋውን ያለ ተርቦ በተወለደው መኪና መነሻ ተነጋገሩ፣ የካምቢዮ፣ የዲፈረንሻልና የፊት ፍሬን ለውጥ ወጪን ቀንሱበት። ሰሌዳው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ግድግዳው ላይ ከተቀረጸው ጋር ካልተመሳሰለ ግን ድርድሩን ትታችሁ ውጡ።