ስትወጡ ትንሽ ይብረዳችሁ

ሙቀቱ አልፎ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ብዙ ሰው የእግር ጉዞውንም ብስክሌቱንም እርግፍ አድርጎ ይተዋል። እኔ ግን የምወደው ወቅት ይሄ ነው። ፀሐዩ አናት አይበሳም፣ ዳገቱም እንደ በፊቱ አያዝልም።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከቤት ስትወጡ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ገና በር ላይ ሞቅ ካላችሁ ልብስ አብዝታችኋል ማለት ነው። አስር ደቂቃ ስትራመዱ በላብ ትጠመቃላችሁ፤ አረፍ ስትሉ ደግሞ ያው ላብ ያንቀጠቅጣችኋል። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ሙቀት ያስተላልፋል። እርጥብ ልብስ ላያችሁ ላይ ካለ የሰውነታችሁ ሙቀት እንዴት እንደሚሸሽ አስቡት።

ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ሁለት ሦስት ሳሳ ያሉ ልብሶች ደራርቡ። ከሥር ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ መሀል ላይ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ሲሞቃችሁ አንዱን አውልቃችሁ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው። ስትቆሙ ደግሞ ብርዱ ሳይቀድማችሁ መልሳችሁ ልበሱት። ከሥር የጥጥ ካናቴራ ባይሆን ይመረጣል፤ ላቡን ይመጠዋል እንጂ ቶሎ አይደርቅም። ትርፍ ካልሲም ያዙ (ማካበድ ይመስላል፣ አንዴ እግራችሁ ሲርስ ግን ታስታውሱኛላችሁ)።

ባይጠማችሁም ውሃ ጠጡ። ስልካችሁን የውስጥ ኪስ ውስጥ ክተቱት፤ በብርድ ባትሪው ቶሎ ይደክማል። ቶሎ ስለሚመሽም ትንሽ መብራት አይለያችሁ።