ለንግድዎ ውክልና እንዴት ይሰጣሉ?

አክስቴ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አላት። ከሱቁ ጀርባ ደግሞ የምታከራያቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። ለሕክምና አዲስ አበባ መሄድ ሲኖርባት ታናሽ ወንድሜን ልትወክል አሰበች። «ሙሉ ውክልና እሰጠዋለሁ፣ አለቀ» አለችኝ። ወንድሜ ታማኝ ልጅ ነው። እኔን ያሳሰበኝ «ሙሉ» የሚለው ቃል ነው። ብዙ ሰው ሁሉን ያስችላል ብሎ ያስባል፤ ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም።

ውክልና አንድ ሰው በሌላው ስም ሕጋዊ ሥራ ለመሥራት የሚስማማበት ውል ነው። የሚሰጠው ወካይ፣ የሚቀበለው ተወካይ ይባላል። ዝርዝሩ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ አለ። ተወካዩ በሥልጣኑ ልክ፣ በእርስዎ ስም የፈረመውን ውል ሕጉ እርስዎ ራስዎ እንደፈረሙት ይቆጥረዋል። ሻጩ ገንዘቡን የሚጠይቀው እርስዎን ነው።

መጀመሪያ ሥራዎቹን ይጻፉ። ወደ ጸሐፊ ከመሄድዎ በፊት አንድ ወረቀት ይያዙ። እኛ ከአክስቴ ጋር ቡና እየጠጣን ጻፍነው፦ ዕቃ መሸጥ፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዱቤ ማስከፈል፣ ከአከፋፋይ ዕቃ መረከብ፣ ከባንክ ብር ማውጣት፣ ግብር መክፈል፣ ንግድ ፈቃድ ማሳደስ።

ቀጥሎ ለሁለት ይክፈሏቸው። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በአንቀጽ 2203 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ተወካዩን የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። አንቀጽ 2204 እነዚህን ሥራዎች ይዘረዝራቸዋል፦ ንብረት መጠበቅ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ወይም ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ መሸጥ። ስለዚህ ወንድሜ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ቢሸጥ ችግር የለም። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚሸጥ ነጋዴ ተወካይም እንዲሁ።

ቤት መሸጥ ወይም በመያዣ ማስያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። በክርክር ላይ መታረቅ፣ ስጦታ መስጠት፣ ክስ መመሥረትም እንዲሁ ናቸው። ለእነዚህ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ ሥራው በስሙ ተጠርቶ መጻፍ አለበት ማለት ነው። ክስን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ ውክልና ስለያዘ ብቻ ማንም ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ አይከራከርልዎትም። ወይ ፈቃድ ያለው ጠበቃ፣ ወይ የቅርብ ዘመድ መሆን አለበት።

ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ ያጽፉ። የተወካዩን ስም እስከ አያት ይጻፉ። ባንኩን በስሙ ይጥቀሱ። የብር ጣሪያ ካለዎት ያስቀምጡ። የእኛ አክስት ዕቃ በዱቤ እንዲያስመጣ አልፈለገችም፤ እሱንም አስጻፈችው። ተወካዩ ሌላ ሰው እንዲወክል ይፈቅዱለት እንደሆነም ይወስኑ። እኔ ብሆን አልፈቅድም። ብዙ ጸሐፊዎች ዝግጁ ቅጽ አላቸው፤ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ» የሚሉ ቃላት አስቀድመው ገብተውበት ሊያገኙ ይችላሉ። ሳያነቡ አይፈርሙ። የማይፈልጉትን ያስወጡ።

ውልና ማስረጃ፣ ማለትም ሰነድ የሚያረጋግጠውና የሚመዘግበው የመንግሥት ቢሮ፣ ሄደው ይፈርሙ። መታወቂያዎን ይያዙ። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ ስላለበት፣ ለእሱ የሚሰጥ ውክልናም በዚያው ፎርም ይደረጋል፤ በቃል የተሰጠ ውክልና ለዚህ አይሆንም። ባለትዳር ከሆኑና ቤቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛዎ ስምምነትም ያስፈልጋል። ውጭ አገር ያለ ሰው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል መስጠት ይችላል።

ሥራው ሲጀመር ተወካዩ የእርስዎን ጥቅም ማስቀደም አለበት፤ የተቀበለውንም ገንዘብ ማስረከብ። ለራሱ ቢሸጥ፣ ማለትም ሻጭም ገዢም እሱ ቢሆን፣ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ። እናንተ ቤተሰብ ብትሆኑም በየሳምንቱ ሒሳብ ተያዩ። ወንድሜ ዓርብ ዓርብ የደረሰኞቹን ፎቶ በቴሌግራም ይልክላት ነበር፤ አክስቴ ሆስፒታል ተኝታም ታያቸው ነበር።

መጨረሻ ላይ ውክልናውን በትክክል ይዝጉ። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ሰው የሚረሳው ግን ወረቀቱን ነው። በአንቀጽ 2195 መሠረት ሰነዱን ካላስመለሱ፣ ወይም በፍርድ ቤት ዋጋ የለውም ካላስባሉ፣ የቀድሞ ተወካይዎ ለሚያደርገው ነገር አብረው ሊጠየቁ ይችላሉ። ስለ ውክልናው የነገሩትን ሰው መሻሩን ካልነገሩትም እንዲሁ። ስለዚህ መሻሩን በጽሑፍ ያድርጉ፣ ውልና ማስረጃ ያስመዝግቡ፣ ለባንኩ፣ ለአከፋፋዩና ለተከራዩ ያሳውቁ።

ወካይ ሲሞትም ውክልናው በመርህ ደረጃ ያበቃል። አባት ካረፉ በኋላ ልጆች በአባታቸው ውክልና ሲሸጡ ሲለውጡ አይቻለሁ፤ በቅን ልቦና እንኳ ቢሆን ወራሾችን ለዓመታት ያካስሳል። መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ያውጡ።

አክስቴ ድና ሐዋሳ የገባች ማግስት ከወንድሜ ጋር በባጃጅ ውልና ማስረጃ ሄዱ። መሻሪያውን ፈረመች፤ ዋናውንና ሁለቱን ቅጂ ከእጁ ተቀበለች። ከዚያ ቀጥታ ወደ ባንኩ አመሩ።