ጊታር የሚማር ልጅ ሲቸገር ከልጁ በፊት ጊታሩን ይመርምሩ

ልጅ ጊታር መማር ሲሰለቸው «ተሰጥኦ የለውም» የሚለው ፍርድ ይፈጥናል። ልጆችንና ታዳጊዎችን ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህ ፍርድ ትክክል ሆኖ ያገኘሁት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የመሣሪያው፣ አለበለዚያም የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው።

ጣቱን ያመዋል፣ ክሩን መጫን ያቅተዋል

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣት ጫፍ ማቃጠሉ የተለመደ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት የሚለማመድ ልጅ ቆዳው እየጠነከረ ይሄዳል። ከወር በኋላም ካልቀነሰ ግን ማስመሪያ ያንሡና በ12ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በአግድም ከተተከሉት ብረቶች አንዱ) ላይ በብረቱ አናትና በወፍራሙ ክር መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። በናይለን ክር ጊታር ከ4 ሚሊ ሜትር፣ በብረት ክር ጊታር ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ለልጅ እጅ ከባድ ነው። መፍትሄው ክሮቹ ከታች በኩል የሚያርፉበትን ቀጭን ዘንግ አውጥቶ ከሥሩ መሞረድ ነው። ክሩ በ12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር እንዲወርድ ዘንጉ 2 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። የተሞረደው ስለማይመለስ በጥቂት በጥቂቱ እየሞረዱ መለካት ይሻላል።

ጠጋኝ እስኪገኝ ድረስ ክሮቹን ሁሉ አንድ ሙሉ ድምፅ (የሁለት ፍሬት ያህል) ዝቅ አድርገው ይቃኙና በ2ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ በአንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ይግጠሙ። ቅኝቱ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ክሩ ግን ይላላል፣ ፍሬቶቹም ይቀራረባሉ። ይህች ትንሽ ዘዴ ተስፋ የቆረጡ ልጆችን ስትመልስ አይቻለሁ። ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር መግጠም ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ውጥረቱ ድልድዩን (በጊታሩ ሆድ ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበትን እንጨት) ሊነቅለው ይችላል።

ቀኝ ትከሻው ወደ ላይ ይወጣል፣ ግራ ክንዱ ይገተራል

ጊታሩ ትልቅ ሆኖበታል። ከ6 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ ግማሽ፣ ከ8 እስከ 11 ላለው ሦስት አራተኛ መጠን ያለው ይስማማል። ዕድሜ መነሻ ብቻ ነው፤ 1ኛው ፍሬት ላይ ሲደርስ ክርኑ መታጠፍ ከቻለ ልኩ ነው። «ያድግበታል» ተብሎ የተገዛ ጊታር ብዙ ልጆችን አስቀርቷል።

ድምፁ ይሻክራል ወይም ይታፈናል

ጣቱ ከፍሬቱ ርቋል፣ ወይም ተጋድሞ ጎረቤቱን ክር ነክቷል። ወደ ብረቱ አስጠግቶ በጫፉ ይጫን። የግራ እጁ ጥፍርም ይቆረጥ።

ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲቀይር ምቱ ይቋረጣል

ልጁ በየቅያሪው ጣቶቹን በሙሉ ያነሣል። ከሲ ሜጀር ወደ ኤ ማይነር ሲሄድ ሌባ ጣቱና መሐል ጣቱ ባሉበት ይቆያሉ፤ የሚንቀሳቀሰው የቀለበት ጣቱ ብቻ ነው። ይህን ሲያይ ፊቱ ይበራል። ቀኝ እጁ ደግሞ ግራው ባይደርስለትም አይቁም፤ ባዶ ክር እየመታ ይቀጥል። ምት ከጠፋ ትክክለኛ ኮርድ ብቻውን ሙዚቃ አይሆንም። ኤፍ ኮርድ ካስቸገረው ስድስቱንም ክሮች በአንድ ጣት እንዲጫን አያስገድዱት፤ በአራቱ ቀጫጭን ክሮች ብቻ የሚያዘው ትንሹ ኤፍ ለጊዜው ይበቃዋል።

ታዳጊው ይመጣል፣ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነው

እዚህ ላይ ጥፋቱ በአብዛኛው የእኛ ነው። የሚጫወተው እኛ የመረጥነውን ነው። የትምህርቱን ግማሽ እርሱ ላመጣው ዘፈን ይስጡ፤ ዘፈኑ ከበደው ከተባለ አንድ ሐረግ ወይም ሁለት ኮርድ ብቻ ቆርጠው ያውጡለት።

አንዳንዱ ደግሞ ሲዘፍን የነበረ ልጅ በድንገት ዝም ይላል። ድምፁ እየጎረነነ ስለሆነ አምና የሚያወጣውን ከፍታ አሁን አያገኘውም፤ ይህንንም ሰው ፊት መናገር ያፍራል። ምክንያቱን አይጠይቁት። ዘፈኑን ዝቅ ባለ ቁልፍ (የድምፅ ከፍታ) ያዘጋጁና እርስዎ ራስዎ መጀመሪያ ይዝፈኑት፤ ከዚያ ካፖውን አንድ አንድ ፍሬት እያንቀሳቀሰ የሚመቸውን ቦታ ራሱ ይፈልግ።