ዐቢይ ጾምን ለብቻችሁ አትያዙት

55ቱን ቀን ብቻን መጾም ይከብዳል፣ በተለይ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ። እኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ አምስት ሆነን የጀመርነውን ልንገራችሁ። የጾሙ ስምንት እሑዶች የየራሳቸው ስም አላቸው አይደል? ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ እያለ እስከ ሆሳዕና ይሄዳል። የሚመጣውን እሑድ ወንጌል ሰኞ ቴሌግራም ላይ እንላላካለን፣ በሳምንቱ ሁሉም በየቤቱ ያነበዋል፣ ከዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሎና ዳቦ ይዘን ግማሽ ሰዓት እንነጋገርበታለን። ያልገባንን ጽፈን ለመምህራችን እንሰጣለን እንጂ አንከራከርም።

በመፃጉዕ ሳምንት ዮሐንስ 5ን ስናነብ፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው «ሰው የለኝም» ያለው ጋ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። አንዲት እናት ከጉባኤ ከቀሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር፣ ማናችንም አልደወልንም። በዚያው ተነስተን ቤታቸው ሄድን፤ ወገባቸውን አሟቸው ተኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ማንበብ ከመጀመራችን በፊት «ማን ቀረ?» ብለን እንጠይቃለን።

ደግሞ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር፣ በቡድኑ ፊት ማንም «ለምን በላህ» አይባል።