ክረምት ወጥቶ ግድግዳው ሻገተ? ቀለሙን ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ደብረ ማርቆስ ተከራይቼ የኖርኩበት አንድ ቤት ነው። ግንቦት ላይ ስገባ አዲስ የተቀባ፣ ነጭ፣ ዓይን የሚስብ ክፍል ነበር። ነሐሴ ላይ ጋቢዬን ከቁም ሳጥን ሳወጣ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። እርጥብ አፈርና የከረመ እንጀራ አንድ ላይ የሸተቱ ያህል ነበር። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አደረግኩት። ጀርባው ላይ ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ፈሶበታል፤ አንዳንዱ እንደ ሳንቲም ክብ ነው፣ አንዳንዱ ተያይዞ እንደ ካርታ ተዘርግቷል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ቀለሙ ተልጦ ወረደ። ከስሩ ሌላ ጥቁር አለ። ከዚያም ስር ሌላ ቀለም፣ ከቀለሙ ስር ደግሞ እንደገና ጥቁር። ሦስት ጊዜ ሻግቶ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል ማለት ነው።

ያን ክረምት ሙሉ ሳስል ከረምኩ። የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ አስም ነበረባት፤ ግድግዳችን አንድ ነው፣ ማታ ማታ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሻጋታ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ከግንበኞችም ጋር ስሠራ ቆየሁ። እዚህ የምጽፈው በእኛ ቤት፣ በእኛ ክረምት ሊሠራ የሚችለውን ነው።

መጀመሪያ የባለሙያው ደንብ ምን ይላል

የሻጋታ ምርመራና ማጽዳት በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ብዙዎቹ ባለሙያዎች የሚከተሉት ደንብ ኤስ 520 ይባላል። ያወጣው አይ አይ ሲ አር ሲ የተባለ የጽዳትና የእድሳት ባለሙያዎች ተቋም ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ደንቡ ቤቱን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ደረጃ 1 ጤነኛ ቤት ነው። የሻጋታ ብናኝ በየትኛውም አየር ውስጥ ስላለ ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም፣ ደንቡም ያንን አይጠይቅም። ደረጃ 2 ሻጋታው ሌላ ክፍል በቅሎ ብናኙ እዚህ መጥቶ ሲያርፍ ነው። ደረጃ 3 እዚያው ቦታ ላይ በቅሎ ሲገኝ ነው። ሥራው ሁሉ ቤቱን ወደ ደረጃ 1 መመለስ ነው።

የደንቡ ዋና ነገር ግን ይሄ ነው፦ ሻጋታ ይወጣል እንጂ በመድኃኒት ተገድሎ እዚያው አይተውም። የሞተ ሻጋታም ያስነጥሳል፣ አስም ይቀሰቅሳል። ሻጋታው የወጣበት ቦታ ደግሞ ውሃው ካልቆመ ተመልሶ ይበቅላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ የሚመክረው ዞሮ ዞሮ እርጥበቱን አስወግዱ ነው።

ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሥራው ከግማሽ በላይ ይሄ ነው።

ዝናብ በሚጥልበት ቀን ከቤት ውጡና ዙሪያውን ዞራችሁ እዩ። ጠፈጠፉ የት ነው የሚወድቀው? አሸንዳ ከሌለ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬቱን መትቶ ጭቃውን ግድግዳው ላይ ይረጨዋል። ግድግዳው ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሮ ካያችሁት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የግቢው መሬት ወደ ቤቱ ያዘነበለ ከሆነ ደግሞ ውሃው መሠረቱ ስር ይተኛል። ዳንግላና እንጅባራ አካባቢ ዝናቡ ረጅም ስለሆነ፣ ሰኔ ላይ የገባ ውሃ መስከረም ድረስ አይወጣም።

ቀጥሎ ጣሪያው። ቀን ላይ በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ ኮርኒሱ ስር ሆናችሁ በመብራት እዩ። የቆርቆሮ ሚስማር ጎማው ሲያረጅ በቀዳዳው በኩል ጠብ ጠብ ይላል፤ ኮርኒሱ ላይ እንደ ሻይ ቡናማ የሆነ ክብ ካያችሁ ከሱ በላይ ያለውን ሚስማር ፈልጉ። ጠብታው ግን ሁልጊዜ በቀጥታ አይወርድም። ማገሩን ይዞ ሁለት ሦስት ሜትር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ወደ ላይ፣ ወደ ከፍታው ተከተሉት።

ሦስተኛው ምንጭ እኛው ነን። የምናበስለው፣ የምናፈላው፣ ቤት ውስጥ የምናሰጣው ልብስ፣ ትንፋሻችን። ደብረ ማርቆስ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ማታ ይበርዳል፣ ስለዚህ በርና መስኮት ጥርቅም አድርገን እንተኛለን። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮና የውጭውን ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ቆርቆሮው አላበው የምንለው ይሄንኑ ነው።

ከውጭ የገባ ነው ወይስ የቤት ውስጥ ላብ ነው? የሚለየው ቀላል ዘዴ አለ። ክንድ በክንድ የሚሆን ግልጽ ላስቲክ ውሰዱና ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉት። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እዩት። ጠብታው በእናንተ በኩል ካለ የክፍሉ አየር ነው ያረጠበው፤ መስኮት መክፈት፣ ምግቡን ውጭ ማብሰል ነው መፍትሔው። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ ካለ ግን ግድግዳው ውስጥ ውሃ አለ።

ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ የእርጥበት መለኪያና የሙቀት ካሜራ አላቸው። ባይኖራችሁ አትጨነቁ፤ ዓይን፣ አፍንጫና የእጅ ጀርባ ብዙ ይሠራሉ። የአየር ናሙና ወደ ላብራቶሪ መላክም ቢሆን ሻጋታው በዓይን እየታየ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ይህን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በመመሪያው ጽፎታል። ዘሩ ማንም ይሁን ማን መውጣቱ አይቀርም።

በመጨረሻ እርሳስ ያዙ። የረጠበውን ቦታ ጠርዝ ጠርዙን አስምሩና አጠገቡ ቀኑን ጻፉ። በሳምንቱ ከመስመሩ ካለፈ ውሃው እየመጣ ነው ማለት ነው። ይህ ምልክት መጨረሻም ላይ ያስፈልገናል።

ራሳችሁ ትችሉታላችሁ ወይ?

የዚሁ ኤጀንሲ መመሪያ በስፋት ይለካዋል። ከ1 ካሬ ሜትር ገደማ በታች ከሆነ ጥንቃቄ የሚያደርግ ማንም ጤነኛ ሰው ሊያጸዳው ይችላል። ከዚያ እስከ 9 ካሬ ገደማ ከሆነ ክፍሉን በላስቲክ መከለል ያስፈልጋል። ከ9 ካሬ ካለፈ የሠለጠነ ሰውና ሙሉ ጥበቃ የሚፈልግ ሥራ ነው። የፍሳሽ ቆሻሻ ውሃ የገባበት ቤት ከሆነ ደግሞ ስፋቱ ትንሽ ቢሆንም አትንኩት።

አስም ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች፣ በሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት ሰውነቱ የተዳከመ ሰው ይህን ሥራ አይሥራ። ሕፃናትና ሽማግሌዎችም ሥራው እስኪያልቅ ዘመድ ቤት ይክረሙ።

ሰው የምትቀጥሩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። በቴክሳስና በኒውዮርክ ግዛት ሕግ መሠረት አንድን ቤት የመረመረው ሰው ያንኑ ቤት ራሱ ማጽዳት አይፈቀድለትም፤ ሥራ ለማግኘት ብሎ ችግሩን እንዳያጋንነው ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖርም ምክሩ ይሠራል። አንዱ ይይላችሁ፣ ሌላው ይሥራው። ግንበኛው መጥቶ፣ ውሃው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ «ችግር የለም እትዬ፣ ቀለም ደረብ እናደርግበታለን» ካለ አመስግናችሁ ሸኙት።

ከመፋቃችሁ በፊት

ኤን 95 የሚባለውን ማስክ ግዙ። የጨርቅ ማስክ ወይም አፍ ላይ የታሰረ ነጠላ ብናኙን አይዝም። ረጅም የጎማ ጓንት፣ ዓይን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር፣ በኋላ የሚታጠብ አሮጌ ልብስ። ዕቃውን ሁሉ ከክፍሉ አውጡ። ወደ ሌላው ክፍል የሚወስደውን በር በወፍራም ላስቲክ ሸፍናችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ፤ ወደ ውጭ የሚከፈተውን መስኮት ክፈቱ። ቬንትሌተር ካላችሁ መስኮቱ ላይ አድርጋችሁ አየሩን ወደ ውጭ እንዲገፋ አድርጉት። ወደ ውስጥ ከዞረ ብናኙን ቤቱ ሁሉ ይበትነዋል።

ማውጣት

በደረቁ አትፋቁ፣ በመጥረጊያም አትጥረጉ። መጀመሪያ ኦሞ ጠብ ያለበት ውሃ በመርጫ እንደ ካፊያ እርጩበት። ብናኙ ይተኛል።

የጭቃ ቤት ከሆነ ሻጋታው የሚበላው ጭዱን ነው። እንጀራ ሲሻግት ላይ ላዩን ፍቆ የሚበላ የለም፤ ሥሩ ውስጥ እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። ምርጊቱም እንደዚያው ነው። የሻገተውን ምርጊት ጤነኛና ደረቅ ጭቃ እስኪገኝ ድረስ አንሱት፤ በዓይን ከሚታየው ጠርዝም አንድ ክንድ ያህል አልፋችሁ አንሱ። ከስሩ ያለውን ማገርና ምሰሶ በቢላዋ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ። ቢላዋው ያለ ጉልበት ከገባ እንጨቱ በስብሷል፣ ይቀየር። ጠንካራ ከሆነ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

የሲሚንቶ ልስን ጠንካራ ከሆነ በሳሙናና በብሩሽ ይለቃል። የላላውንና ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን አፍርሱት። መስተዋት፣ ብረት፣ ሸክላ በሳሙና ታጥቦ ይድናል። ቺፑድ፣ የጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ኮርኒስ፣ ስፖንጅ ፍራሽ ከሻገተ ግን መዳኛ የለውም። ይጣል። ፍራሽ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የኔንም ስጥል ልቤ አዝኖ ነበር፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫችሁን ቀብራችሁ የምትተኙበት ነገር ነው። ጋቢና ልብስ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

የሚጣለውን እዚያው ክፍል ውስጥ ወፍራም ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ እሰሩት፣ ከዚያ በሌላ ፌስታል ደርቡት። በሽንት ቤት ወይም በማጀት በኩል እየተንጠባጠበ አይውጣ። በመጨረሻ ክፍሉን ከላይ ወደ ታች፣ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ ወለል እያላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ጥረጉ። ባለሙያዎች ሄፓ የሚባል፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ባለው ማሽን ይመጥጡታል፤ ተራው የቤት መጥረጊያ ማሽን ግን ብናኙን ከኋላ መልሶ ይተፋዋል፣ አትጠቀሙበት።

ስለ በረኪና

ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። በረኪና ላዩን ያነጣዋል፣ የጠፋም ያስመስለዋል። ጭቃና እንጨት ውስጥ ግን ጠልቆ አይሠራም፣ ውሃው ብቻ ይሰርጋል። ሴራሚክ ላይ ብትጠቀሙ ይሁን። ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከሽንት ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ግን በፍጹም አትቀላቅሉት። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ይገድላልም።

ማድረቅና መልሶ መሥራት

ቤት ውስጥ ድንገት ውሃ ቢፈስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካደረቃችሁት አብዛኛውን ጊዜ አይሻግትም። ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ ግድግዳ ግን በሁለት ቀን አይደርቅም። ለዚህ ነው ነሐሴ ላይ አድሱ የማልለው። በክረምት ውሃውን አቁሙ፦ አሸንዳ ስቀሉ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ ቦይ ቆፍሩ፣ ሚስማሩን ቀይሩ። ምርጊቱንና ቀለሙን ለጥቅምትና ለኅዳር ፀሐይ ተዉት።

የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን አሁን በየከተማው ተለምዷል፣ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም አይቻለሁ። እኔ አልመክርም። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ይተነፍሳልም፤ ሲሚንቶው ሲያፍነው ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ልስኑም ይሰነጠቃል። በጭድ የተቦካ ምርጊት መልሱና በደንብ ከደረቀ በኋላ ኖራ ቀቡት። ኖራ አየር ያሳልፋል፣ ሻጋታም አይወደውም። ሲበጠበጥ ዓይን ያቃጥላልና መነጽሩን አታውልቁ። እበት የምትለቀልቁም ከሆነ ግድግዳው ሳይደርቅ አይሁን።

የእህል ጆንያም ከግድግዳ ይራቅ፤ ከወለሉም በእንጨት ርብራብ ከፍ ይበል። በቆሎ ከሻገተ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ ማጠብም መቀቀልም አያጠፋውም። ለጠላም አይሁን። ለላምም አትስጡት፣ በወተቷ በኩል ወደ ልጆቻችሁ ይመለሳል።

አለቀ የሚባለው መቼ ነው

ክፍሉን አንድ ቀን ሙሉ ዝጉትና ከውጭ ንጹሕ አየር ስባችሁ ግቡ። የመጀመሪያዋ ትንፋሽ ናት የምትናገረው፤ ቆይታችሁ አፍንጫችሁ ከለመደው አይነግራችሁም። ወለሉንና የመስኮቱን ደፍ በጥቁር ጨርቅ ጥረጉ፣ ብናኝ ካነሳ ጽዳቱ ይደገም። ላስቲኩን እንደገና ለጥፉ። የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ እንጨቱ ከ20 በመቶ በታች፣ የክፍሉ አየር ከ60 በመቶ በታች መሆን አለበት።

ከዚያ ኖራው ላይ፣ ድሮ የረጠበው ቦታ ጥግ ላይ፣ በእርሳስ ቀኑን ጻፉ። ቁም ሳጥኑን ስትመልሱት ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፣ ያንን ጽሑፍ ጎንበስ ብላችሁ ማየት እንድትችሉ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ ከዘነበ በኋላ፣ መብራት ይዛችሁ እዩት።