ሰው የማይበዛበት የሳንቲያጎ መንገድ
የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት ወደሚባለው የስፔን ከተማ፣ ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ፣ በእግር ስለመሄድ ሲነሳ፣ ብዙ ሰው የሚያስበው በሰሜን ስፔን የሚያልፈውንና ተሳላሚ የሚበዛበትን የፈረንሳይ መንገድ ነው። እኔ የሄድኩት በሌላው ነው። ቪያ ዴ ላ ፕላታ ይባላል። በደቡብ ስፔን ካለው የሴቪያ ካቴድራል ይነሳና በየመንገዱ የተቀባ ቢጫ የቀስት ምልክት እየመራችሁ ወደ ሰሜን 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወስዳችኋል።

በጁላይና በኦገስት አትሞክሩት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ፤ ጥላም እንደልብ አይገኝም። እኔ በኤፕሪል ጀመርኩ። ሜዳው አበባ በአበባ ነበር። ዝናብ ከጣለ ግን ጅረቱ ስለሚሞላ ጫማ አውልቆ መሻገር ይመጣል።

የቀኑን ርቀት በጉልበታችሁ አትለኩ፤ በውኃና በአልጋ ለኩት። ይህን የተማርኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ከካስቲልብላንኮ እስከ አልማዴን ዴ ላ ፕላታ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሀል ላይ መንደርም ሱቅም የለም። የያዝኩት ውኃ አንድ ሊትር ተኩል ነበር። ከአልማዴን በፊት ያለው ቀጥ ያለ አቀበት ሥር ስደርስ አለቀ። ከኋላዬ የመጡ አንድ አዛውንት ተሳላሚ ሳልጠይቃቸው የራሳቸውን አካፈሉኝ። ደግነታቸው እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሊትር ሳልይዝ አልወጣሁም። ውኃው ከባድ ስለሆነ ሌላውን ዕቃ ቀንሱ። ሁለት ቅያሪ ልብስ ይበቃል።

ሱቆች ከሰዓት በኋላ ለሰዓታት ይዘጋሉ፤ እሑድ ጭራሽ ላይከፈቱ ይችላሉ። የነገውን ስንቅ ዛሬ ግዙ። ማደሪያም ዋዜማውን ደውላችሁ አረጋግጡ፣ በተለይ ከካርካቦሶ ስትነሱ። እስከ አልዴአኑዌቫ 38 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። መሀል ላይ ካፓራ የሚባለው የጥንት የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል፤ መንገዱ ሮማውያን በሠሩት ባለ አራት እግር ቅስት ሥር ያልፋል። ለብቻዬ ጥላው ሥር አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ተጣድፋችሁ አትለፉት።

ብዙ ቦታ መንገዱ የከብት ግጦሽ ያቋርጣል። የከፈታችሁትን በር መልሳችሁ ዝጉ። ክፍት የቀረ በር የገበሬውን ከብት አውራ ጎዳና ላይ ያወጣል።

ብቸኝነቱስ? ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ያላየሁበት ቀን ነበር። መጀመሪያ ጨነቀኝ፤ ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ ሰካሁ። በሳምንቱ አውጥቼ ጣልኩት። በቃሌ የማውቀውን ዳዊት ድምፄን ከፍ አድርጌ እየደገምኩ እሄድ ጀመር። በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። ብቻ ማታ ማታ የት እንዳደራችሁ ለቤተሰብ መልእክት ላኩ።

ግራንሃ ዴ ሞሬሩዌላ ስትደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ወደ አስቶርጋ ወጥቶ ብዙ ሰው ካለበት የፈረንሳይ መንገድ ይገጥማል። የግራው በኦሬንሴ በኩል ጸጥታውን ይዞ ይቀጥላል፤ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይም ይቀረዋል። እግሬ ቆስሎ ነበር፣ ግን ወደ ግራ ታጠፍኩ።